ሦስተኛ እጅ ቀለም

ሥራዬ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ያመጡልኛል፤ ቀጥቅጬ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ ፈግፍጌ፣ ቀለም ረጭቼ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። ባለ መኪናው መጥቶ ዓይኑን አፍጥጦ «የቱ ጋ ነበር የተመታው?» ሲል ደስ ይለኛል። ጎድጓዳ የምፈልገው በዓይኔ አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በላሜራው ላይ እሰዳለሁ፤ ዓይን ይሸወዳል፣ መዳፍ አይሸወድም። «መቼ ልምጣ?» ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቅዳሜ ውሰዱት»። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ብዬ ቅዳሜን አሳልፌ አላውቅም።

ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። በገና ዕለት ቤቴ ውስጥ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚሁ መዳፌ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት ገና የዛፉ መብራት ግማሹ አልበራ አለኝ። ሶኬቱን ነካካሁ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፣ እምቢ አለ። ሚስቴ «ተወው፣ ግማሹ ይበቃናል» አለች። ያ «ይበቃናል» የሚለው ቃል ነው ያሳበደኝ። የግድግዳውን መስታወት በቡጢ አልኩት። መስታወቱ ተሰባበረ፣ እጄ ሰባት ቦታ ተሰፋ፣ ልጄ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሚስቴ ደሜን ስትጠርግ አልጮኸችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፤ «ከእንግዲህ አንድ ቀን በዚህ ቤት እጅህ ከተነሣ፣ በሰውም ይሁን በዕቃ፣ ልጄን ይዤ እወጣለሁ።»

ሚስቴ ነገር አትደግምም። ዘንድሮ ገና አራት ቀን ሲቀረው ጠዋት ስነሣ ቡናማ ሻንጣዋን በሩ ጀርባ ቆሞ አገኘሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሻንጣ ነው» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጣውን ይገዛ ነበር። እኔ ግን ቁጣዬን ከመግዛት ይልቅ ሰበብ ላሳጣው ወሰንኩ። እንከን ካልተገኘ በምን እቆጣለሁ? ይህ የልጅ ሒሳብ ነው፤ የተማርኩትም በልጅነቴ ነው። አባቴ ሥጋ ሻጭ ነበር። በበዓል ቀን የጠረጴዛ ጨርቁ ላይ አንዲት ጠብታ ሾርባ ካየ ጨርቁን ከነሳህኑ ጎትቶ ይጥለዋል። አንድ ገና ዳቦው ከሥር አሯል ብሎ መጥረቢያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከእናቴ ጣቶች ስንዝር በማይሞላ ርቀት ተከለው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። ስለዚህ እናቴና እኔ በዓል ሳምንት ሲቀረው ጀምረን ቤቱን በምላሳችን የምንልሰው እስኪመስል ድረስ እንወለውል ነበር። ጭረት ከሌለ ዱላ የለም ብለን። አባቴ ሞተ፣ ጠረጴዛው ለእኔ ደረሰኝ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲሉ እኔን የሚመለከተኝ አይመስለኝም ነበር።

እናም ጠረጴዛውን ጭኜ ጋራዥ ወሰድኩት። የመጥረቢያውን ቁስል በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ እንደ ሚኒስትር መኪና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ሁለት እጅ ረጨሁበት። በዋዜማው ልጭነው ስል በመብራት ብመለከተው የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ አየሁ። አንዲት አረፋ! የሥር ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ቢደርቡበት ፊቱ ይደርቃል፣ ሆዱ ግን እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል፤ ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ተለማማጆቼን የምገሥጽበት ነገር ነው። እያወቅሁ ሦስተኛ እጅ ረጨሁበት።

በገና ጠዋት ቤት ሳስገባው ፊት ያሳይ ነበር። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ፣ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ፌንጣ የምንላት፣ ልትዳስሰው ስትሮጥ «እንዳትነኪ!» ብዬ አምባረቅሁባት። ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«ማየትስ ይቻላል?» አለች።

«ማየት ይቻላል» አልኳት። የቸርሁ መስሎኝ ነበር።

ሳህኖቹን በሜትር ለካሁ፤ ከጠርዙ ሦስት ሴንቲ፣ ሹካ ከሳህን ሁለት ሴንቲ። የዛፉን ኳሶች ቀይ ከቀይ ጎን እንዳይውል አድርጌ ሦስት ጊዜ ሰቅዬ አወረድኩ። ሚስቴ ከወዲያ ሆና ታየኛለች። ዳቦውን ከምድጃ ስታወጣው አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ያኔ ነበር ማፈር የነበረብኝ። እኔ ግን ስንጥቁን አይቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ስላልተቆጣሁ ራሴን አደነቅሁ።

ቀትር ላይ እናቴና ዋርሳዬ መጡ። ዋርሳዬ፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ነድቶ፣ በመንገዱ እናቴን ጭኖ ነው የደረሰው። ጠረጴዛውን ሲያይ ቆም አለ።

«ይሄ ሰውዬ፣ ታርጋው የታለ? ያለ ታርጋ እንዳይዙህ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የመጥረቢያውን ቦታ በዓይኗ ፈልጋ አጣችው።

«የት ሄደ?» አለችኝ።

«ደፈንኩት እማዬ።»

«እህ» አለች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ተቀመጠች።

ሚስቴ የዶሮ ጥብሱን ከምድጃ ከነትሪው አምጥታ መሃል ላይ አኖረችው። ቤቱ በጥብስ ሽታ ሞላ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር እኔ እንደለካሁት ሆኖ ተቀመጠ። ማንም አልተነፈሰም፤ እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የፌንጣ ሹካ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል እንዳትወድቅ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ጫነች። የትሪው ሙቀት ቀለሙን አላልቶት ኖሯል። ቀና ብላ እጇን ብታነሣ አልለቅ አላት፤ ብትጎትተው ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተላጠ። ስንዝር የሚያህል ጥቁር ቀለም ከመዳፏ ላይ ተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ስቱኮው አገጠጠ።

«አባዬ፣ እኔ አልነካሁትም» አለች፣ ቀለሙ እጇ ላይ እያለ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። የእጇን አንጓ ይዤ ከወንበሯ ላይ አነሣኋት። አነሣኋት ስል በአንድ እጇ አየር ላይ ተንጠልጥላ ማለቴ ነው። ቀጭን አጥንቷ በጣቶቼ መሃል ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ተሰምቶኝም አልለቀቅሁም። በሌላው እጄ ሳህን አንሥቼ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩ፣ ሌላም ደገምኩ። «ማየት ነው ያልኩሽ! ማየት!» እያልኩ እጮኻለሁ። እሷም ትጮኻለች።

ዋርሳዬ ዞሮ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ አፌን በቡጢ አለኝ። ልጄ ከእጄ ወደቀች። ከንፈሬ ተተረተረ፣ አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። ጠረጴዛውን ዞሬ አንገቱን አንቄ ከዛፉ ጋር አላተምኩት። ዛፉ ላያችን ላይ ወደቀ፣ ኳሶቹ ከጀርባዬ ሥር ፈነዱ፣ ስብርባሪያቸው ሸሚዜን አልፎ ገባ። ጉልበቱን ሆዴ ውስጥ ቀበረው። እኔም ቅንድቡን በግንባሬ ፈነከትኩት፤ ደሙ ትኩስ ሆኖ ዓይኔ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጉልበትህ ልጅ ላይ ነው?» ይለኛል እያለከለከ። «ልጅ ላይ ነው?»

ገፍትሬው ተነሣሁ። የሥራ ቦርሳዬ በሩ ሥር፣ ከሻንጣው ጎን ነበር። መዶሻዬን መዝዤ አወጣሁ። ዋርሳዬ ክንዱን ፊቱ ላይ ጋረደ። ሰው ልመታ ነበር ወይስ ዕቃ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስቱኮው ተፈረካከሰ፣ አንዱ እግር ተገነጠለ፣ ጥብሱ ከነትሪው፣ ዳቦው፣ ብርቱካኑ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። መዶሻውን ደግሜ አነሣሁ።

ያኔ እናቴን አየኋት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ የምትል ሴት ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። በአንድ እጇ ፌንጣን ወደ ጀርባዋ ሸሽጋ በሌላው የሳህን ስብርባሪ ትለቅማለች። ቀና ሳትል፣ በፍጥነት፣ በማላውቃት ቀጭን ድምፅ ትናገራለች።

«አሁን ይጸዳል ጌታዬ። አይቆጡ፣ አሁን ይጸዳል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጁን አይምቱት።»

ጌታዬ የምትለው አባቴን ነበር። አባቴ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። «ልጁ» ደግሞ እኔ ነበርኩ።

መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። «እማዬ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ እኮ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ዱላውን ሁሉ እረሳለሁ፣ ያቺን የለየችበትን ጊዜ ግን አልረሳትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ደሜ ከንፍጤ ጋር እየወረደ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሚስቴ ሻንጣውን አነሣች። «ጫማሽን አድርጊ» አለቻት ልጃችንን። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

«ርቦኛል» አለች ፌንጣ እየተንሰቀሰቀች።

ዋርሳዬ ቅንድቡን በእጅ መጥረጊያ አፍኖ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ትሪው እንዳይሆን ሆኖ ቢወድቅም አልተገለበጠም፤ ዶሮው እንደ ተጋደመ ነው። ዋርሳዬ ዶሮውን አየው።

«እኔስ ብሆን» አለ፣ «ዘጠኝ ሰዓት የነዳሁት ለቡጢ ነው እንዴ?» ብሎ አንዱን እግር ገነጠለና ለፌንጣ ሰጣት።

ሚስቴ ሻንጣውን አጠገቧ አቆመችው። «ትብላና እንሄዳለን» አለች።

ስብርባሪ ከሌለበት ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጠን በላን። ሳህን የፈለገ አልነበረም። ዳቦው በስንጥቁ በኩል ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እናቴ በእጇ እየቆረሰች አደለችን። ቅባቱ በክርናችን ይወርዳል። ዛፉ ወድቆም መብራቱ ይበራል፣ ግማሹ።

«ሁለተኛው ሳይደርቅ ሦስተኛ እጅ ረጨሁበት» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እናቴ፣ ከወለሉ ላይ ብርቱካን እየለቀመች።

ፌንጣ ብርቱካኑን ስትነክሰው ጭማቂው ተፈናጥሮ የአያቷ ዓይን ውስጥ ገባ፤ እናቴም ሳቀች። በበዓል ቀን ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ዋርሳዬ ዳቦውን እያላመጠ «እህቴ፣ ግሩም ነው። ቅርፊቱ ግን ጥርስ ላለው ሰው ነው» ብሎ አፌን አየ። ሚስቴ ሳታስበው ፈገግ አለች። እኔም ስስቅ ከንፈሬ እንደገና ደማ። ዳቦው ደም ደም ይለኝ ነበር፤ ቢሆንም እንዲያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም። ስንት ገና ሳህን ስለካ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሳልቀምስ አሳለፍኩ! የሚበቃ ነገር ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ያየሁትም ሻንጣው ሚስቴ ጎን ቆሞ ነው።

በልተን ስንጨርስ የልጄ መዳፍ አሁንም ጥቁር ነበር። ጋራዥ ብንሆን በቲነር ነው የምናስለቅቀው፤ ለልጅ ቆዳ ግን የምግብ ዘይት ይሻላል።

«ልጠርግላት?» ብዬ ሚስቴን ለመንኳት።

የዘይቱን ጠርሙስ አቀበለችኝ፤ ከአጠገባችን ግን ንቅንቅ አላለችም። የልጄን መዳፍ ስዘረጋው ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር አባቴን የምጠብቀው።

«አልመታሽም» አልኳት። ዓይኗን አልገለጠችም። በጥጥ ቀስ አድርጌ አሸሁ። ጥቁሩ እየሟሟ ወረደ፣ ትንሿ መዳፏ ከሥሩ ብቅ አለች።

ሚስቴ ካፖርቷን ደረበችላት። ዋርሳዬ ሻንጣውን ተሸከመ፤ መዶሻዬንም ከወለሉ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አልከለከልኩትም። እናቴም ሻርፗን ተከናንባ ተከተለቻቸው። በሩ ላይ ሚስቴ ዞር አለች።

«እመለስ አልመለስ አላውቅም» አለችኝ። «ከተመለስኩ ግን ቤቱ አምሮ እንዳላገኘው።»

«እሺ» አልኳት።

ፌንጣ የእናቷን እጅ ለቃ ወደ እኔ ተመለሰች። የካፖርቱን እጅጌ ሰብስባ አንጓዋን አሳየችኝ። አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ወጥቶበታል፤ መሃሉ ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩ መጥቆር ጀምሯል።

«አባዬ፣ ይሄስ በዘይት ይለቃል?»

«ይሄ በዘይት አይለቅም።»

«መቼ ነው የሚለቀው ታዲያ?»

ለስንቱ ሰው ቅዳሜ ስል የኖርኩ ሰውዬ አፌን ከፈትኩ፣ ቀን አጣሁ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጅጌዋን መልሳ አወረደችና የእናቷን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች።