ሦስት ሰላምታ ለፋሲል ግንብ

የመርሳው ባጃጅ ነጂ ሂሻም ጎንደርን በሕልሙም አይቶት አያውቅም። የፋሲልን ግንብ ግን ድንጋይ በድንጋይ ቆጥሮ ያወራዋል።

ጦርነቱ መርሳ የገባ ቀን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሐጂ አብዱልጀሊልን አዝሎ ያወጣቸው እሱ ነው። ከግራና ከተማ ወዲያ አንድ የገበሬ ጎታ ሥር ተሸሽገው መድፉ ሲያጓራ፣ ሂሻም ወሬውን ይለቀዋል።

«ሐጂ፣ ይሄም መድፍ ነው? የፋሲል ግንብ ግድግዳ ውፍረቱ! አንዱ ከወዲያ ቢያስነጥስ፣ ከወዲህ ያለው የርሐሙከላህ የሚለው በሳምንቱ ነው።»

ሐጂ መድፉን ረስተው ይስቃሉ። አንድ ቀን ስቀው ሲጨርሱ ማሉ፦ «ከዚህ ጉድ በሕይወት ከወጣን፣ እዚያ ግንብ ውስጥ አስገብተህ አቁመኝ። ወላሂ ልጄን ኑሪያን እድርልሃለሁ! ደጁን አይቼ ከተመለስኩ ግን የለሁበትም።»

ሂሻም ኑሪያን ከወደደ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷም አልጠላችውም፤ አባቷ ናቸው «ለቀልደኛ ልጅ አልሰጥም» ያሉት። እንግዲህ ቃል ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ አገሩ ነጻ ወጣ፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሁለቱ ሚኒባስ ተሳፍረው በወልድያ፣ በጋሸና አድርገው ነጎዱ። የድልብ ዳገት ጠመዝማዛ መንገድ እንደሆነ፣ መኪናው ሲታጠፍ ሾፌሩ የራሱን የኋላ ታርጋ በፊት መስታወት ያነባል።

ጎንደር ገቡ፤ አድረው በጠዋቱ ግንቡ በር ላይ ተገኙ። ትኬት ተቆረጠ። ሂሻም አንድ እግሩን አስገብቶ ዘወር ቢል፣ ሐጂ ከዘራቸውን ተክለው ቆመዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቤቶች!»

ሂሻም በእጁ ጠራቸው።

«ሐጂ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ሰው ቤት ሦስቴ ሰላም ሳይባል ይገባል እንዴ? ሦስቴ ተብሎ መልስ ከጠፋ ደግሞ ወደ ኋላ ነው።»

«ባለቤቶቹ እኮ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!»

«ባዶ ቤት ቢሆን ደግ ነበር። ዘበኛ የቆመበት ቤት ባዶ አይባልም።»

ዘበኛው ሳቁ አመለጠው። «እኔ ፈቅጃለሁ አባቴ፣ ይግቡ።»

«ዘበኛ በር ይከፍታል እንጂ አይጋብዝም፣ ልጄ።»

ሂሻም ሹልክ ብሎ ገባ፤ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጥቶ ከመስኮት ሥር ተደበቀ። ሐጂ ሁለተኛውን ሰላምታ ሲያሰሙ፣ ድምፁን አወፍሮ «ወዓለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ፈቅደናል!» አለ።

ሐጂ ቀና አሉ። «ሂሻም! ንጉሡ መርሳ ነው እንዴ ያደጉት? ውረድ! አንድ ናት የቀረችኝ።»

ሂሻም ሲወርድ ሮማን የምትባል አስጎብኚ ከጥምቀት የሰነበቱ ስልሳ ያህል እንግዶች ከብበዋት አገኛት። የንጉሥ ዘር ነኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ ውሸቱ አልመጣለት አለ።

«እኅቴ፣ ከመርሳ ነው የመጣነው። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ በጦርነቱ አብረውኝ የተደበቁ ናቸው። ሰላምታቸውን ባለቤት ካልመለሰ አይገቡም፤ ካልገቡ ደግሞ ልጃቸውን አላገኝም። የምነግርሽ ላይ አንዲትም የተጨመረች የለችም፤ ለእኔ ይሄ ብርቅ ነው።»

ሮማን ፊቱን አየችው። ወደ እንግዶቹ ዞራ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሰዉ በየሰገነቱና በየመስኮቱ ተበተነ።

ውጭ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቤቶች!»

«ወዓለይኩም ሰላም!»

ድምፁ ከግቢው ወጣ፤ ከሰገነቱ ወጣ፤ ከየመስኮቱ ወጣ። እርግቡ ሁሉ ብድግ አለ። ሮማን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰዉን አስከትላ በሩ ድረስ መጣች፤ እጅ ነሳች።

«ቤት ለእንግዳ፣ አባቴ! ነገሥታቱ ቤቱን ለእኛ ነው ትተውልን የሄዱት፤ የእኛ ከሆነ የእናንተም ነው። ይግቡ!»

«አሁን ደንቡ ሆነ፤ ቢስሚላህ» ብለው ሐጂ በቀኝ እግራቸው ገቡ። ሂሻም ሊያዝላቸው ጀርባውን ቢሰጥ በከዘራቸው ገፋ አደረጉት። ደረጃውን በገዛ ጉልበታቸው፣ እያረፉ፣ ሰገነቱ ጫፍ ድረስ ወጡት። ጎንደርን ቁልቁል አይተው ሱብሓነላህ አሉ፤ ስልክ አምጣ አሉ።

«ኑሪያ፣ ገባሁ! ግንቡ ውስጥ ቆሜአለሁ!»

«እሱስ አባ?»

«አጠገቤ ነው። ዝም ብሏል፤ ሳያመው አይቀርም።»

«ታዲያ ቃልዎን ይንገሩታ!»

ሐጂ የሂሻምን እጅ ይዘው ለሰዉ ሁሉ ከፍ አደረጉት። «ሰጥቻለሁ!»

ታሪኩን የሰማው ስልሳ ሰው እልልታውን አቀለጠው። ሂሻም ሊናገር ፈለገ፤ እንባው ቀደመው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ አባ?» አለች ኑሪያ። «ስንት ሰው ነው?»

ሐጂ ግቢውን ገልመጥ አድርገው አዩ፤ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«አሥር ሺህ!» አሉ። «ሠርጉም ላይ የጎንደርን ወሬ የማወራው እኔ ነኝ፤ ሙሽራው አፉን ይዝጋ!»