ሊጠይቃት ይመጣል

"እስቲ ወደ ኋላ መልሺው፣" አለ ከንቲባው ለሦስተኛ ጊዜ።

ኤዲተሯ መለሰችው። ስክሪኑ ላይ ፊቱ በጥቁር የተሸፈነው ሰው እንደገና መናገር ጀመረ። ድምፁ በኮምፒውተር ወፍሮ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ኢንጂነሩ ምሰሶው ላይ ያለውን ስንጥቅ ለከንቲባው በጣቱ አሳያቸው። እሳቸው ሳቁ። ቀለም ቀባ ቀባ አድርጉት፣ ቅዳሜ ምረቃ ነው አሉ።"

ከንቲባው ስክሪኑን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ያዳምጣል። ኤዲተሯ ይህ ነገር አላማራትም። በቁጣ ይነሳል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ጠበቃ ይጠራል ብላ ነበር የጠበቀችው። እንዲህ ጸጥ ብሎ መስማቱ ይበልጥ አስፈራት።

ከሥልጣን ከወረደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰው ግን አሁንም "ከንቲባው" ነው የሚለው፣ እሱም ቅር አይለውም። የገበያ አዳራሹ በተመረቀ በአራተኛው ወር ጣሪያው ተደርምሶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲሞት፣ "ማንም አልነገረኝም" ብሎ በቴሌቪዥን አልቅሶ ለቀቀ። አሁን ተመልሶ ሊወዳደር ነው፣ ምርጫው የፊታችን ወር ነው። ዘጋቢ ፊልሙ ይህንኑ የመመለስ ዘመቻውን ስምንት ወር ሙሉ ተከትሏል። ከንቲባው ካሜራውን መኪናው ውስጥ፣ ስብሰባው ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ድረስ ሲያስገባ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ማየት። ማየት እንጂ መንካት የለም ተብሎ ተፈረመ። ዳይሬክተሩ በዚህች አንቀጽ ያልተኩራራበት ቦታ የለም። ዳይሬክተሩ የኤዲተሯ ታላቅ እህት ባል ነው። አሁን በሩን ተደግፎ የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል።

"አቁሚልኝ ልጄ፣" አለ ከንቲባው ዓይኑን ገልጦ። "ሰውየው ሲያወራ ከኋላው የሚሰማው ምንድን ነው? ሹፍ ይልና፣ ደግሞ ጠቅ የሚለው?"

"የአየር ማራገቢያ መሰለኝ፣" አለች። እውነቷን ነው፣ ቀረጻው ላይ አልነበረችም።

"አይደለም።" ፈገግ አለ። "የኦክስጅን ማሽን ነው። እናቴ ሦስት ዓመት በዚህ ነው የተነፈሰችው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበር የምተኛው። ይሄን ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜም አልስተውም።"

ዳይሬክተሩ ማኘኩን ተወ።

"እንግዲህ ሰውየው በሚናገርለት ቀን አዳራሹ ውስጥ አሥራ አራት ሠራተኛ ነበር፣" አለ ከንቲባው፣ የጨዋታ ያህል። "ሚስቱ በሳንባ የምትታመምበት ግን አንዱን ብቻ ነው የማውቀው። የቧንቧ ሠራተኛውን። ምስኪን! እንዴት ናት ግን? ተሻላት?"

"ክቡር ከንቲባ፣ የምስክሮቻችንን ማንነት በተመለከተ..." አለ ዳይሬክተሩ።

"ምን አልኩ እኔ? ፊልሙ ቆንጆ ነው፣ ምንም እንዳትነኩበት። የታመመ መጠየቅ ነውር ሆነ እንዴ? ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃታለሁ። እንዲያውም ካሜራችሁን ይዛችሁ ኑ።" ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። "ማሽኑ መቼም ከከተማው ሆስፒታል በውሰት የወጣ ነው የሚሆነው። ሥራ አስኪያጁ የቅርቤ ሰው ነው። ወረቀቱ የተስተካከለ መሆኑን እናይላታለን።"

ሲወጣ የኤዲተሯን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"ጎበዝ ነሽ። ድምፁን እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያጠራሽው!"

ክው አለች። ጥፋቱ የእሷ ነበር። ሰው ሲናገር የተንተባተበበትና ያሳለበት ቦታ ተቆርጦ ሲወጣ በየመሃሉ የድምፅ ጉድጓድ ይቀራል። ለዚህ ነው የድምፅ ባለሙያ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ያህል ለብቻ የሚቀዳው። እሷም ያንን ዝምታ ወስዳ ከምስክሩ ቃል ሥር አነጠፈችው። የሁሉም ኤዲተር ሥራ ነው። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። ሹፍታው የሚያስፈራ ነገር ስላለው ደስ ብሏት፣ ከፍ አደረገችው። ፊቱ ተሸፍኗል፣ ድምፁ ተለውጧል፣ ግድግዳው እንኳ ጠቁሯል። "የወለደችህ እናት አትለይህም" ተብሎለት የተናገረውን ሰው፣ ለአንድ ትዕይንት ማሳመሪያ ብላ በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጠችው። ማልቀስ አማራት፣ ዳይሬክተሩ ፊት ግን አላደረገችውም።

"ስሚኝ፣" አለ ዳይሬክተሩ በሩን ዘግቶ። "ምንም አልተፈጠረም። ያቺን የምስክሩን ክፍል እንቆርጣታለን፣ ነገ ሄደን ጥየቃውን እንቀርጻለን፣ አለቀ።"

"ያለ እሷማ ፊልሙ የምርጫ ማስታወቂያ ነው የሚሆነው።"

"ይሁን! የገበያ ዘበኛውን ረሳሽው? ሬድዮ ላይ ስለ አዳራሹ ሁለት ደቂቃ ተናግሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ዓመት ከኖረበት የከተማው ቤት ዕቃው ደጅ ወጣ። ምክንያቱ ምን ተባለ? ወረቀቱ አልተስተካከለም።"

"አልረሳሁም። ስለዚህ ሄጄ ለምስክሩ ልነግረው ነው።"

"ሄደሽ ምን ልትዪው? ሰውየውን በድንጋጤ ልትገድይው ነው? እህትሽ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?"

"እህቴ አንተን ስታገባም አልሰማችኝም፣" አለችና ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን ካሜራና የካሜራውን ማቆሚያ አወረደች። ለምን እንደወሰደቻቸው ራሷም አላወቀችም። ባዶ እጇን መሄድ ፈርታ ይሆናል።

አድራሻውን ከቀረጻው ወረቀቶች ያገኘችው የቧንቧ ሠራተኛው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ደረጃው ላይ ስትደርስ ነው የሰማችው። ሹፍ፣ ጠቅ። ለሳምንታት በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው ከርማ፣ አሁን ከግድግዳ ውስጥ መጣባት።

ማሽኑ አልጋውና መስኮቱ መካከል ቆሟል። ከሱ የወጣው ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ የደረሰ ሴትዮ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቱቦው የሚበቃው እስከ መስኮቱና እስከ ምድጃው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት የባልየው ነው። እሱ መታጠቢያው ሥር ተንበርክኮ የገዛ ቤቱን ቧንቧ ይፈታል።

"የሰው ቤት እጠግናለሁ፣ የራሴ ይንጠባጠባል፣" አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ግቢ ልጄ።"

አልተቀመጠችም። "ጋሼ፣ የፊልሙ ኤዲተር ነኝ። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።" ሁሉንም ነገረችው። ዝምታውን፣ ከፍ ማድረጓን፣ ከንቲባው ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጡን።

እሱ ጨርቁን አጣጠፈ።

"ደውሏል፣" አለ። "ቅድም፣ ራሱ። ቁጥሬን ከየት አመጣው ብዬ ስገረም ነበር። ነገ ሊጠይቃት እንደሚመጣ ነገረኝ። የማሽኑን የውሰት ወረቀት አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ አለ።"

"ወረቀቱስ አለ?"

"አለ። በየስድስት ወሩ ይታደሳል። አሁን ሊታደስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።"

"ቃልዎን ከፊልሙ አወጣዋለሁ። አሁኑኑ ተመልሼ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ። እንዳልተናገሩ ነው የሚሆነው።"

"እንዳልተናገርኩ?" አላት። አልተቆጣም፣ የደከመው ይመስላል። "እሱ እኮ ሰምቷል።" መታጠቢያው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ቆይ እስቲ። ፊቴ ላይ ያደረግሽው ጥቁር ነገር፣ እሱ ካወቀኝ ከማን ነው የሚደብቀኝ?"

"ከሌላው ሰው።"

"ሌላው ሰው ካላወቀኝ ታዲያ፣ ነገ ማሽኑ ቢወሰድ ማነኝ እኔ? የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ታማ ሞተች። ቀብረውኝ... ቀብሬያት እመለሳለሁ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።" አንደበቱ በመሳቱ ደንግጦ ወደ አልጋው ዞሮ አየ።

ሴትዮዋ ሁሉንም ሰምተዋል። የሚናገሩት በትንፋሽ በትንፋሽ ነው።

"እኔ ከጅምሩ... በፊትህ ተናገር ብዬው ነበር፣" አሉ። "ብቻ መጀመሪያ... ይላጭ። በዚህ ፂሙ ካዩት... ጣሪያውን የጣለው... እሱ ነው የሚመስላቸው።"

ኤዲተሯ ሳታስበው ሳቀች። ባልየውም ሳቀ፣ ሚስትየው ግን ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ ስለሌላቸው በዓይናቸው ብቻ ተቀበሏቸው።

"እትዬ፣ ፊታቸው ከታየ በኋላ መመለሻ የለውም። የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።"

"እየከፈልኩ ነው... ልጄ። ስድስት ዓመት ሙሉ... ሲያቃዠው አብሬው የማድረው... እኔ ነኝ።"

ተላጨ። አገጩ ሥር ቆረጠው፣ ትንሽ ወረቀት ለጠፈበት። ኤዲተሯ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አሰረች። ካሜራ ከያዘች ዓመታት ስላለፉ ቁልፎቹን እየፈለገች ነው። የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ወንበሩን አዞረችው። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነዘረ። ዳይሬክተሩ ነው። አላነሳችውም።

ሰውየው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሠራበትን ዘመን ተናገረ። የራሱ ድምፅ ቀጭን ነው። አዳራሹ ውስጥ የትኛውን ቧንቧ ሲጠግን እንደነበር፣ ኢንጂነሩ በየት በኩል እንደገባ፣ ከንቲባው ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገ ሳይቀር አስረዳ።

ታች መኪና ቆመ። ሴትዮዋ በመስኮቱ ቁልቁል አዩና ቱቦውን በእጃቸው ያዙ።

"ነገ አይደለም... እንዴ ያለው?"

ደረጃው ላይ ከአንድ በላይ የሆነ ኮቴ ተሰማ። የሚቸኩል አልነበረም። በሩ ተንኳኳ፣ ሳይመለስለትም ተከፈተ።

"እንዴት ዋላችሁ!" ከንቲባው ፍራፍሬ የሞላው ቅርጫት ይዟል። ከኋላው የሆስፒታል መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ወረቀት ይዞ ገባ። "ነገ ሌላ ጉዳይ ገጠመኝ። ለታመመ ሰው ደግሞ ቀን አይመረጥም ብዬ..."

ካሜራውን አየ። አልደነገጠም። ቅርጫቱን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገ፣ ኮሌታውን ነካ አደረገና ፈገግ ብሎ ቆመ። ስምንት ወር ሙሉ በገባበት ክፍል ሁሉ ካሜራው ወደ እሱ ሲዞር ኖሯል። አሁንም እስኪዞር እየጠበቀው ነው። መታወቂያ ያንጠለጠለው ሰው ማሽኑ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የተለጠፈበትን ቁጥር ማንበብ ጀመረ።

የቧንቧ ሠራተኛው ንግግሩን አቋረጠ። ከንቲባውን አየ፣ ጎንበስ ያለውን ሰው አየ፣ ሚስቱን አየ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አልነቀሉም።

ኤዲተሯ ማቆሚያው ላይ ያለውን መቆለፊያ ብሎን አገኘችና፣ ካሜራው ወደ የትም እንዳይዞር አጥብቃ አሰረችው። በካሜራው ስክሪን ላይ ያለው የቧንቧ ሠራተኛው ፊት ብቻ ነው።

"ይቀጥሉ ጋሼ፣" አለች። "ኢንጂነሩ ስንጥቁን ሲያሳያቸው፣ ምን ነበር ያሉት?"