አንድ ቀንዱ የታጠፈው በሬ

ኩዋኝ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብቻዬን አልተኛም ብሎ እስከ ዛሬ ከእናቱ ጋር ነው የሚያድረው። እናቱ ያረገዘችው ሕፃን ከመወለዱ በፊት ግን ወደ ራሱ ክፍል መግባት አለበት። ስለዚህ እናቱ፣ የወንድሜ ሚስት ኛቦት፣ ከጀበል ገበያ ቀለም ገዝታ መጣችና የገፋ ሆዷን ይዛ መቀባት ጀመረች። እኔ ልቀባ ብላት፣ "ኸላስ፣ በቃ፣ አንቺ ብሩሽ እጠቢልኝ" አለችኝ።

አረንጓዴው ግድግዳ ሲደርቅ በላዩ ግራጫ በሬ ሣለች። ጀርባውን በአንድ መስመር አወጣችው። እንዲህ መሣል እንደምትችል አላውቅም ነበር፤ ማድነቄን ግን ለመናገር አፈርኩ። የበሬው አንድ ቀንድ ወደ ላይ ቆሟል፤ ሌላው ወደ ጉንጩ ታጥፏል።

ኩዋኝ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። "እማ፣ ቀንዱን አበላሸሽው።"

"እኔ ምን አደረግኩ? አባትህ ነው ያጠፈው። ጎረምሳ ሳለ የራሱን በሬ ቀንድ እንዲህ አጥፎ፣ አሳምሮ ይዘፍንለት ነበር።"

"አባዬ?" አባቱ ለሥራ ወደ ማላካል ከተማ ከሄደ ወራት አልፈዋል።

"አዎ። ማታም አጠገቡ ነበር የሚተኛው።"

"ሜዳ ላይ? አይፈራም?"

"በሬው እያለ ምን ያስፈራዋል?"

ልጁ በሬውን ሲያየው ቆየ። ከዚያ ትራሱን ከእናቱ አልጋ ጎትቶ አመጣና ከበሬው እግር ሥር አስቀመጠው።

"ዛሬ ቀለሙ ይሸታል" አለችው ኛቦት። "ነገ ትተኛለህ።"

"በሬው ታዲያ ዛሬ ብቻውን ሊያድር ነው?"

ኛቦት ሄዳ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።