«ሃያ» ያለችን ሴት

አሳየሽ ያረፈችው ማክሰኞ ማለዳ ነው። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ልጇ ቤቴል የጎረቤቷን የደገፉን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

«የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍልኝ። ፊደልህ ያምራል። ዘፈኗን ደግሞ እንዳትዘልብኝ! ሌላው የማንም ሰው ታሪክ ነው፤ የእሷ እሱ ብቻ ነው።»

ደገፉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አይገጥምም። ብዕሩን ይዞ በመስኮት የዳሞታን ተራራ ሲያይ፣ ጉሙ ከላይ ወርዶ ሐሳቡን ይዞት ሄደ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበረች። ቅዳሜ ሲመሻሽ፣ ተከታታይ ድራማው ሊጀምር ሲል፣ ሰው ከየእንሰቱ መሐል ብቅ ብቅ ይላል። ድራማው አማርኛው ይፈጥናል፤ የሚከተለው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚመጣው ለመግቢያው ዘፈን ነበር። ግጥም የለውም። አንዲት ሴት «ሃ... ያ...» እያለች እንደ ጭስ ትንሳፈፋለች፣ በቃ። አዲስ አበባ ዜማ ብቻ ነው ብለው ቀዱት። ወላይታ ውስጥ ግን «ሃያ» ማለት «ወደዚህ ና» ነው። ሰፈሩ በሙሉ የተጠራ መሰለው። እማማ ፈጠነች የሚባሉ ጎረቤት «መጣሁ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሻል!» እያሉ ወደ ቴሌቪዥኗ ይጠጉ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የዚያች ዜማ ባለቤት አሳየሽ ኦቶና ሆስፒታል የተቀጠረ ባሏን ተከትላ ሶዶ ገባች፤ ጌታንም ተቀበለች። በልብስ ስፌት ትተዳደር ጀመር። ደገፉ የሰፈሩን ስሕተት ሲያጫውታት መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«እኔ ስጠራችሁ፣ እናንተ ወደዚህ ጎተታችሁኛ!»

በዚያው ማክሰኞ በስድስት ሰዓት፣ ታሪኩን ቀብሩ ላይ የሚያነቡት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሀብታሙ ወረቀቱን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው።

«ይቺን ‹ዘፋኝ› የምትለዋን አውጣት። በአማኝ ሬሳ ላይ የዓለም ስም አይነበብም።»

«ዘማሪ ልበላት?»

«መች ኳየር ቆማ ዘምራ ታውቃለች! ቀብር ላይ ውሸት ላንብብ?»

«ታዲያ ምን ነበረች ጋሼ?»

ጋሽ ሀብታሙ አገጫቸውን አሹ። «ልብስ ሰፊ በላት» አሉና ድንኳን ለማስተከል ወጡ።

ደገፉ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ቤቴል ከደጅ ሁለቴ ብቅ ብላ አይታዋለች። በመጨረሻ «ዘፋኝ» ያለበትን መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ጋሽ ሀብታሙ ሲመለሱ ጠየቁ።

«ዘፋኝ የሚል አለ?»

«የለም።»

«ዘማሪስ?»

«እሱም የለም።»

«ጎሽ» አሉና ሳያነቡ ኪሳቸው ከተቱት።

በዘጠኝ ሰዓት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሀብታሙ ትውልዷን፣ ትምህርቷን፣ ጋብቻዋን በሰባኪ ድምፅ አነበቡ። ከዚያ «እኅታችን በቴሌቪዥን...» ብለው ቆም አሉ። ቤቴል አንገቷን ቀና አደረገች።

«...በቴሌቪዥን ‹ሃያ› ብላ ጠራችን፤ እኛም...»

ቃሏ ግን እንደ ንባብ አልወጣችም። ከጉሮሯቸው ስትነሣ ዜማዋን ይዛ ተነሣች፤ ከፍ አለች፣ ተንሳፈፈች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ ቁርጥ እሷን እኮ ነው!» አለች። ቤቴል ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ መጣላት።

ጋሽ ሀብታሙ ደገፉን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መስመሩ ጠፋኝ» አሉና ያችኑ «ሃያ» ከነዜማዋ ከመጀመሪያው ደገሟት።