የመሐሉ ቁልቁለት

ነገሳ በጥድ ግንድ ተጨፍልቆ ሲሞት ሚስቱ የሺመቤት ለቅሶ አልተቀመጠችም። የሥራ ሹሙን ከበበን ከሰሰችና እንደ ደንቡ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጋር ቋጥራ ቁራኛው ሆነች። ፍርድ እስኪሰጥ ከእሷ መለየት አይችልም።

ከበበ በዳኛ ፊት ጥፋቱ የነገሳ ነው አለ። ግንድ ከእንጦጦ ወደ የካ ሲወርድ የሚያልፍበት ቁልቁለት ርቀቱ ሁለት መቶ ክንድ፣ ዝቅታው አርባ ነው፤ በመቶ ሃያ ማለት ነው፤ ገር መንገድ ነው።

ነገሳ ግን በፈረንጅ ትምህርት ቤት ስሌት የተማረ ነበር። ርቀቱን በመቶ ክንድ፣ ዝቅታውን በዐሥር ክንድ እየቆጠረ መንገዱን ሲለካ ዝቅታው ከርቀቱ ካሬ ሦስት እጥፍ ላይ የርቀቱ ኩብ ሲቀነስ የሚገኘው ሆነ። ከዚያ ዛሬ ድሪቬቲቭ የምንለውን፣ መንገዱ በየቦታው ምን ያህል ቁልቁል እንደሆነ የሚነግረውን ስሌት፣ ለሚስቱ አመድ ላይ ጽፎ አሳያት፤ በኃይሉ ታባዣለሽ፣ ከኃይሉ ላይ አንድ ትቀንሻለሽ። ስድስት ጊዜ ርቀቱ፣ ሲቀነስ ሦስት ጊዜ ካሬው ወጣ። አፋፉና ግርጌው ላይ ዜሮ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ሦስት፣ ማለትም ለመቶ ክንድ ሦስት ዐሥር፣ በመቶ ሠላሳ። ከሃያ አምስት ካለፈ ገመድ ያዦች ግንዱን መግታት እንደማይችሉ ለከበበ ነገረው። ከበበ ስቆ ከግንዱ ፊት ሆኖ እንዲመራ አዘዘው።

ዳኛው ምን እንደምትሻ ጠየቃት።

«ገር ነው ካለ ከግንድ ፊት ይሂድ።»

«ቁራኛው ነሽ እኮ።»

«አብሬው እሄዳለሁ።»

ከበበ ባሏ የናፈቃት ሴት ናት ብሎ ተሳለቀ። አፋፉ ላይ ሲራመዱም ሰርግ የሚሄድ ይመስል ነበር። ወደ መሐሉ ሲጠጉ እግሩ ይንሸራተት ጀመር፤ ከኋላቸው ግንዱ ያዦቹን ይጎትታል። ወደ ዳር ሊወጣ ቢል ቋጠሮው ያዘው።

«ፍቺኝ፣ አንቺ ሴት።»

«መሐሉ ገና ነው።»

«እመቤቴ፣ በልጆቼ።»

«ነገሳ በመቶ ስንት ነበር ያለህ?»

«ሠላሳ» አለ ከበበ፤ ከዳር ሆኖ ይከተላቸው ወደነበረው ዳኛ ዞሮም ደገመው። «ሠላሳ ነው ብሎኝ ነበር። ሰምቼ ነው የላክሁት።»

ዳኛው ግንዱን በድንጋይ አስደግፎ አስቆመ። የገዳዩ ደም በእጅሽ ነው፣ ብትወጂ ማሪው፣ ባትወጂ በባልሽ ሞት ይሙት አላት። ከበበ እግሯ ሥር ወድቆ ነበር።

የሺመቤት ቋጠሮውን ፈታች። ነጠላዋን አራግፋ ለበሰችና ከመንገዱ ወጥታ ሣሩ ላይ ቆመች።

«የቀረውን እንደ ነገሳ ይጨርስ» አለች። ከዚያ ወደ ገመድ ያዦቹ ቀና ብላ፣ «ድንጋዩን አንሡ።»