ሁለት ጊዜ የተጠላለፈው ሽቦ

ልብስ ሰፊው አባት በጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ካጡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ ልብስ በሚያሰምሩበት ጠመኔ፣ በጥቁር ብጣሽ ጨርቅ ላይ የሚጻፍ ሆነ። በዚህች ቀን ግን ጨርቅ የማይበቃው ጉዳይ ነበራቸው። ትልቋ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ በስምንት ሰዓት ከሆስፒታል ትመጣለች፤ አያትም የልጅ ልጃቸውን በድምፅ እንጂ በጠመኔ መመረቅን አልወደዱም።

ስለዚህ ታናናሾቹ መሣሪያ ሠሩላቸው። ራዲዮ ጠጋኙ ወንድም ጽሑፍ ተቀብሎ የሚናገር ቦርድ አዘጋጀ፤ መሐንዲሷ እህቱ ደግሞ የጽሕፈት ቁልፎቹ የሚሰኩበትን ቦርድ። ሁለቱን የሚያገናኙት በመሃል በማያያዣ የሚገጣጠሙ ሦስት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የኤሌክትሪክ መመለሻ የሆነው የጋራ መሬት ሲሆን፣ የቀሩት የመላኪያና የመቀበያ ናቸው። የአንዱ ቦርድ መላኪያ ፒን ከሌላው መቀበያ ፒን ጋር ካልተገናኘ፣ ማለትም አፍ ወደ ጆሮ ካልዞረ፣ ንግግር የለም፤ ለዚህም የመላኪያና የመቀበያ ሽቦዎቹ አንድ ጊዜ መጠላለፍ አለባቸው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ነገር በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተሰናድቶ ነበር፤ መሣሪያው ግን ትንፍሽ አላለም። እህት የሁለቱ ቦርዶች የመላላኪያ ፍጥነት እኩል መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። ወንድም ድምፅ ማጉያውን ቀይሮ ሲያበቃ፣ ጥፋቱ ከእሷ ቦርድ ሳይሆን እንደማይቀር በለዘበ ቃል ተናገረ። እሷም የእሱ ቦርድ በባለቤቱ ወጥቶ ሲጠሩት እንደማይሰማ መለሰችለት።

አባት ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው፣ መነጽራቸውን አጠለቁና ሽቦዎቹን ስፌት እንደሚመረምሩ በጣታቸው ተከተሏቸው። ከማያያዣው ወዲህ ሽቦዎቹ ተጠላልፈዋል፤ ከማያያዣው ወዲያም እንደገና ተጠላልፈዋል። ጠመኔያቸውን አንሥተው «ማነው ያጠላለፈው?» ብለው ጻፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ተያዩ። «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ለምን ነካኸው?» አለች እህት ወንድሟን፤ «እንዳትቸገር ብዬ እኔ በበኩሌ አዙሬልህ ነበር እኮ።»

«እኔስ አንቺ እንዳትደክሚ ብዬ አይደል?»

ሁለት ጊዜ የተጠላለፈው ሽቦ ተመልሶ ቀጥ ብሎ፣ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ አጋጥሞ ኖሯል። በዚህ ቤት የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ አንዱ ለሌላው ሲተዋት በሳህኑ ላይ ደርቃ የምትቀር ናት። አባት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁና «የዳቦው ነገር እዚህም ገባ» ብለው ጻፉ።

ወንድም የእኔን ልፍታው ብሎ እጁን ሲሰድ፣ እህትም የእኔን ብላ ወረንጦዋን አነሣች። ሁለቱም ቢፈቱት ነገሩ ዞሮ ከነበረበት ይደርስ ነበር። አባት በማስመሪያቸው የወንድ ልጃቸውን እጅ ቸብ አደረጉና ወደ እህቱ አመለከቱ፤ እሷ ብቻ ፈታች።

የበሩ ደወል ሲጮኽ የመጨረሻው ሽቦ ገና መሰካቱ ነበር። ትልቋ ልጅ ሕፃኗን በአያቷ ጉልበት ላይ አኖረች። እርሳቸውም በአንድ ጣት፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። የቦርዱ ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፤ ሻካራ ነገር ግን ጥርት ያለ ድምፅም ወጣ፦

«እንኳን ደኅና መጣሽ፣ የኔ እመቤት። ፈጣሪ በዕድሜ በጸጋ ያሳድግሽ፤ ስትናገሪ የሚሰማሽን አያሳጣሽ።»

ትልቋ ልጅ እንባዋን መጥረግ ጀምራ ሳለ፣ የአባት ጣት እንደገና ወደ ቁልፎቹ ወረደ።

«ዳቦ ሲቀርብልሽ ግን» አለ መሣሪያው፣ «እንደ አጎትሽና እንደ አክስትሽ አትግደርደሪ፤ አንሺ።»