የትርፊት ለቅሶ

ለልጇ ለቅሶ ከሞርሲቶ የመጡት የሟች ባሏ የድሮ ባልደረቦች እልፍነሽን በመልክ አያውቋትም። ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ በቀጥታ ትርፊት ዘንድ ሄደው፣ «እግዜር ያጥናሽ፤ የእናት አንጀት እንዴት ይችለዋል» አሏት። እናቲቱ እልፍነሽ ሁለት ክንድ ራቅ ብላ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሰዎቹስ ምን ያድርጉ! ለቀስተኛ አብዝታ የምታለቅሰውን አይቶ ነው እናት የሚለው፤ ትርፊት ደግሞ ድምጿ እስኪዘጋ እየጮኸች ደረቷን ትደቃ ነበር።

«ኧረ እናቱስ እዚህ ናት!» አለች ጎረቤቷ ዘርትሁን ደንግጣ። ከዚያ ወደ እልፍነሽ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው? የልጅሽ ማደሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለችም እንዴ?» አለቻት።

እልፍነሽ ቀንታለች። ልጅን ቀብሮ መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ቀንታለች።

ልጇ ሰይፈሥላሴ ሃያ ዓመት ሙሉ አፉን ሳይፈታ ነው የሞተው። ቤት ሳለ የቆርቆሮ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጉልበት አውጥቶ እሱን መያዝ ሲያቅታት፣ በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ዶዮገና አጠገብ እንደሱ ያሉ ልጆች ወደሚያድሩበት ቤት ወሰደችው። ተቀብላ ያጠበችው ትርፊት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከቀበሌ ይለፍ አስጽፋ፣ ጭኮ ቋጥራ ትሄዳለች። እሱ ጭኮውን ይገፋና ከትርፊት እጅ ቆጮ ይጎርሳል። እናቱ ልትዳብሰው እጇን ስትዘረጋ ይሸሻል፤ ለትርፊት ግን ጎንበስ ብሎ ጸጉሩን ይላጫል። «ልጄን ምን አስነክተሽብኝ ነው?» ልትላት ስንቴ ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው! እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ስትንጨረጨር ትመለሳለች።

«አማ ይለኝ የነበረው!» ብላ ጮኸች ትርፊት ከድንኳኑ መሃል። «አማ ብሎ የሚጠራኝ!»

እልፍነሽ ክው አለች። ሆሳዕና ይህን ሁሉ ዘመን ኖራ «አማ» በአገሬው ቋንቋ እናት ማለት መሆኑ አይጠፋትም። ሃያ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ለሌላ ሴት! ተነስታ የትርፊትን ክንድ ጨምድዳ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ልጄ ይናገር ነበር?»

«አንድ ቃል ብቻ፣ እትዬ። ሌሎቹ ልጆች እኔን አማ ሲሉ ሰምቶ ያዘ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም? የገዛ ልጄን አፍ!»

ትርፊት አንገቷን ደፋች። «ቀንቼ ነው» አለች።

«አንቺ? በኔ?»

«እርስዎ እያሉ አይለውም። ሄደው፣ የመኪናው ድምፅ ሲጠፋ ነው። አጥሩን ይዞ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ አማ ይላል። እኔን መስሎኝ ሮጬ እሄዳለሁ። አየት ያደርገኝና መልሶ ወደ መንገዱ ይዞራል። ልነግርዎት እልና፣ ከነገርኳቸው ይወስዱብኛል እላለሁ። አሁንም ሰው ፊት ‹ይለኝ ነበር› ብዬ ዋሸሁ።»

እልፍነሽ ልትመታት ፈለገች። ስምንት ዓመት የሰረቀቻትን ሴት ክንድ ይዛለች፤ ስምንት ዓመት ልጇን ያጠበውም ይኸው ክንድ ነው። ቅናቱ አለቀቃትም። ግን የልጇን ድምፅ ከዚህች ሴት በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

«እንዴት አድርጎ ነው የሚለው?» አለች በመጨረሻ። «እስቲ እንደሱ አድርገሽ በይልኝ።»

ትርፊት እንባዋን ጠረገች። ዓይኗን ጨፍና፣ በተዘጋው ድምጿ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ረዘም አድርጋ፣ «ኣ... ማ» አለች።

እልፍነሽ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ወዬ፣ ልጄ» አለች።